መጉላትና መለየት፦ የመስሚያ መርጃ መሣሪያ በአማርኛ መማሪያ ክፍል ሲመዘን

በግንቦት ማለቂያና በሰኔ ወር፣ ከፍኖተ ሰላምና ከቡሬ ገጠር አንሥቶ በመራዊ አጠገብ እስካለው የቆጋ መስኖ አካባቢ ድረስ ባሉ ትምህርት ቤቶች፣ ከቀትር በኋላ የሚጥለው ዝናም የቆርቆሮውን ክዳን መደብደብ ሲጀምር የትምህርቱ አካሄድ ባንድ አፍታ ይለወጣል። መምህሩ ጥቂት ጊዜ ድምፁን ከፍ አድርጎ ለመናገር ይሞክራል። ከኋላ ረድፍ ያሉት ተማሪዎች እጃቸውን ከጆሯቸው ላይ ደግነው ወደ ፊት ያዘነብላሉ። ጥቂት ቆይቶ መምህሩ ንግግሩን ይተውና ጠመኔ አንሥቶ የቀረውን ትምህርት በሰሌዳው ላይ ይጽፋል። በዚያች ሰዓት መልስ ያልሰጠ ተማሪ አልሰማም ተብሎ ይታለፋል እንጂ አላወቀም ተብሎ አይነቀፍም። ዝናሙ ሲያባራ ትምህርቱ ወደ ቀድሞ መልኩ ይመለሳል፤ ከተማሪዎቹ መካከል ግን ያለ ዝናምም የማይሰሙ አንድ ወይም ሁለት ልጆች ሊኖሩ ይችላሉ። እነርሱን በተመለከተ ጠመኔ የሚያነሣ ብዙ አይገኝም።

እነዚህ ልጆች ጨርሶ መስማት የተሳናቸው አይደሉም። ስማቸው ሲጠራ ዘወር ይላሉ፤ ከብት ሲጠብቁ የጓደኛቸውን ጥሪ ይሰማሉ፤ ገበያ ተልከው የታዘዙትን ይዘው ይመለሳሉ። በዚህም የተነሣ ወላጅም ሆነ መምህር ጆሯቸውን አይጠራጠርም። የሚጠራጠረው አእምሯቸውን ወይም ጠባያቸውን ነው። የክፍል ውጤታቸው ሲያሽቆለቁል «ልቡ እዚህ አይደለም» ወይም «ሲፈልግ ይሰማል» ይባልላቸዋል፤ ከዚያም አንድ ክፍል ይደግማሉ፣ ቀጥሎም ይቀራሉ።

ስለ እነዚህ ልጆች በሥልጠና መድረኮችም ሆነ በዕቅድ ውይይቶች ሲነገር ሁለት አስተሳሰቦች ጎልተው ይታያሉ። አንደኛው፣ ልጁ የመስሚያ መርጃ መሣሪያ ከተሰጠው ችግሩ ተወገደ የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ መሣሪያ ለገጠር ትምህርት ቤት የማይዘልቅ ቅንጦት ስለሆነ ልጁ ከፊት ወንበር ይቀመጥ፣ መምህሩም ጮክ ብሎ ያስተምር፣ ይበቃል የሚል ነው። ሁለቱ የሚቃረኑ ቢመስሉም የቆሙት በአንድ መሠረተ ሐሳብ ላይ ነው። ይኸውም አለመስማት ማለት ድምፅ ማነሱ ነው፣ መድኃኒቱም ድምፅን ማጉላት ነው የሚለው ነው። የዚህ ጽሑፍ ሂስ የሚያተኩረው በዚሁ መሠረተ ሐሳብ ላይ ሲሆን፣ ሂሱም መሣሪያውን ለማጣጣል ሳይሆን የሚሠራውን ሥራ ከማይሠራው ለመለየት የታሰበ ነው።

ድምፅን መስማትና ንግግርን መለየት

ወደ ውስጥ ጆሮ የሚደርስ ድምፅ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት በተጠማዘዘችውና ፈሳሽ በሞላባት ክፍል ውስጥ ሲያልፍ ፀጉር መሰል ሕዋሳት ይቀበሉታል። ከእነዚህ ሕዋሳት መካከል የውጪዎቹ ደካማውን ድምፅ ያጠናክራሉ፣ ተቀራራቢ የሆኑ የሞገድ ድግግሞሾችንም አንዱን ከሌላው ያለያያሉ። የውስጦቹ መልእክቱን ለነርቭ ያስረክባሉ። በማጅራት ገትር፣ እንደ ስትሬፕቶማይሲንና ጄንታማይሲን ባሉ መድኃኒቶች፣ ወይም በሌላ ምክንያት የውጪዎቹ ሕዋሳት ሲጠፉ ጉዳቱ ድርብ ይሆናል። ደካማው ድምፅ ጨርሶ አይሰማም፤ የተሰማውም ድምፅ ድንበሩ የደበዘዘ ይሆናል። ከዚህም ጋር በማይሰማው ድምፅና በሚያስጨንቀው ድምፅ መካከል ያለው ስፋት ይጠብባል። «አልሰማሁም» ያለ ሰው ጮክ ሲባልበት «ለምን ትጮህብኛለህ» ብሎ የሚቆጣው ከዚህ የተነሣ እንጂ በአመል ምክንያት አይደለም።

ጆሮው የሚመግል ልጅ ጉዳይ ከዚህ ይለያል። የእርሱ ሕመም በመካከለኛው ጆሮ ላይ ስለሆነ ድምፁ ይዳከማል እንጂ ብዙውን ጊዜ አይዛባም። እንዲህ ያለው ልጅ አስቀድሞ የሚያስፈልገው ጤና ጣቢያ ነው። ዘይት ወይም የቅጠል ጭማቂ በጆሮ ማንጠብ ጉዳቱን እንደሚያብስ ለወላጆች መንገር ከመምህር የሚጠበቅ ነው። በሚመግል ጆሮ ላይ የጆሮ ቅርጽ መግጠምም መግሉን አፍኖ ስለሚይዝ አይመከርም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ስለ መስማት የተዘጋጀ ዓለም አቀፍ ዘገባ፣ በልጆች ላይ ከሚደርሰው የመስማት ጉዳት 60 በመቶ ያህሉ ሊከላከሉት በሚቻል ምክንያት እንደሚመጣ አመልክቷል።

ድርብ ጉዳት የተባለውን በጥርት የለዩት የኔዘርላንዱ ተመራማሪ ሬይኒየር ፕሎምፕ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1978 ባወጡት ጽሑፍ የመስማት ጉዳትን የመዳከም ጉዳትና የመዛባት ጉዳት በማለት ከሁለት ከፈሉት። በጸጥታ ውስጥ ማጉያ የመጀመሪያውን በሚገባ ያካክሳል። በሁካታ ውስጥ ግን ንግግሩም ሁካታውም እኩል ስለሚጎሉ ትርፍ የለም፤ የሚቀረው መዛባቱ ነው፣ እርሱንም ማጉላት አያነሣውም። ጆሮው የተዛባበት ሰው ያንኑ ንግግር ለመረዳት ከሌላው ሰው ይልቅ ንግግሩ ከሁካታው በጥቂት ዴሲቤል ከፍ እንዲልለት ይፈልጋል። ጥቂት ዴሲቤል ሲባል የማይረባ ሊመስል ይችላል። ሆኖም በመረዳትና ባለመረዳት ወሰን ላይ የአንድ ዴሲቤል ልዩነት ብቻ በትክክል የሚሰማውን የዓረፍተ ነገር መጠን ከ15 እስከ 20 በመቶ ያህል እንደሚለውጠው የታወቀ ነው። 3 ዴሲቤል የጎደለው ልጅ ትምህርቱን በግማሽ ሊያጣ ይችላል ማለት ነው።

የአማርኛ ድምፆች በሚዛኑ ላይ

የመስሚያ መርጃ መሣሪያ ለአንድ ልጅ ሲስተካከል በየትኛው ድግግሞሽ ምን ያህል ያጉላ የሚለውን የሚወስኑ ቀመሮች አሉ። ከእነዚህ ዋነኞቹ በአውስትራሊያ ብሔራዊ የአኩስቲክ ላቦራቶሪ የተዘጋጁት ሲሆኑ፣ ከ1976 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተደጋግመው ተሻሽለዋል። በ2011 የታተመው በድምፅ ቅላጼ ትርጉም ለሚለዩ እንደ ቻይንኛ ላሉ ቋንቋዎች ከሌሎቹ የተለየ ስሌት ይሰጣል። አማርኛ በ«ሌሎቹ» ውስጥ ይጠቃለላል።

ለዚህ ጥቅል አመለካከት ድጋፍ ከሆኑት ጥናቶች አንዱ ዴኒስ በርንና ብዙ ተባባሪዎቻቸው በ1994 እ.ኤ.አ. ያወጡት ነው። የ12 ቋንቋዎችን ንግግር ለረጅም ጊዜ ቀድተው አማካይ የድምፅ ኃይል በየድግግሞሹ እንዴት እንደሚሰራጭ ሲያወዳድሩ ልዩነቱ ትንሽ ሆኖ አገኙት። ከተጠኑት ቋንቋዎች መካከል እንግሊዝኛ፣ ስዊድንኛ፣ ጃፓንኛ፣ ሩስኛና ቬትናምኛ ይገኛሉ፤ አማርኛም ሆነ ሌላ የኢትዮጵያ ቋንቋ አልተካተተም። ጥናቱ በራሱ ዓላማ ሲመዘን እንከን አይወጣለትም። እንከኑ ያለው ከእርሱ በሚሳበው ድምዳሜ ላይ ነው። አማካይ ስርጭቱ መመሳሰሉ፣ ቃልን ከቃል የሚለየው ምልክት በሁሉም ቋንቋ በአንድ ቦታ ይገኛል ማለት አይደለም። የሁለት ማሳዎች አማካይ ምርት እኩል ቢሆንም በአንደኛው ጤፍ፣ በሌላው በርበሬ ሊበቅል ይችላል።

በአማርኛ ቃልን ከቃል የሚለዩት ምልክቶች የት ናቸው? «መታ»ና «መጣ»፣ «ከበረ»ና «ቀበረ» የሚባሉትን ጥንዶች ማስተዋል ይበቃል። ከበሬታና ቀብር የሚለያዩት በአንድ ተነባቢ ነው። ጠ፣ ጨ፣ ቀ፣ ጸ፣ ጰ ሲነገሩ በጉሮሮ የታገተው አየር በድንገት ይፈነዳል፣ ከፍንዳታውም በኋላ አናባቢው እስኪጀምር ድረስ አጭር ጸጥታ ይከተላል። ተና ከ ሲነገሩ ግን በዚያው ቦታ ላይ የትንፋሽ ድምፅ አለ። እንግዲህ ልዩነቱን የሚሸከመው ከሰከንድ አንድ አሥረኛ የማይሞላ ፍንዳታ፣ ጸጥታና ትንፋሽ ነው። «ሰማ»ና «ሸማ» ደግሞ በሹክሹክታው ከፍታ ይለያያሉ፤ የሰ ኃይል ያለው በአብዛኛው ከ4000 ሄርትዝ በላይ ሲሆን የሸ ዝቅ ይላል። የብዙ ልጆች የመስማት ጉዳት የሚከፋው ደግሞ በዚሁ በከፍተኛው ድግግሞሽ በኩል ነው። አናባቢዎቹ በዝቅተኛው በኩል ስላሉ ይሰማሉ፤ ልጁም ንግግሩን እንደ ሰማ ያምናል፤ ሌላውም ሰው ሰምቷል ብሎ ያምናል።

ከሁሉም ይልቅ የተዘነጋው መጥበቅና መላላት ነው። «ሰፊ» ሲላላ ልብስ የሚሰፋ፣ ሲጠብቅ ጠባብ ያልሆነ ነው። «ዋና» ሲላላ በውኃ ላይ፣ ሲጠብቅ ከሁሉ የበለጠ። «አለ» ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ይገኛል። «ይመታል» ሲላላ መቺ፣ ሲጠብቅ ተመቺ ይሆናል። ልዩነቱ ያለው በድምፁ ቁመት ሳይሆን በቆይታው ነው፤ ተነባቢው የሚቆይበት ጊዜ ይረዝማል ወይም ያጥራል። ጎጃም የቅኔ አገር እንደ መሆኑ መጠን ይህን ለአካባቢው መምህር ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ነው። በአንድ ፊደል መጥበቅና መላላት ሁለት ትርጉም የሚያወጣ ኅብር የሚሠራው በጆሮ ነውና። በአብነት ትምህርት ቤትም የኔታ ንባቡን የሚያርሙት ተማሪው ከእግራቸው ሥር ቀርቦ ሲያነብ ነው። ምንም እንኳ በዙሪያው ያሉት ሁሉ እየጮኹ ቢቀጽሉም፣ በአራሚውና በታራሚው መካከል ያለው ርቀት አንድ ክንድ ቢሆን ነው።

እዚህ ላይ በክፍል ውስጥ የሚደረገውን ቃለ ጽሕፈት፣ ማለትም መምህሩ እያነበበ ተማሪዎች የሚጽፉትን ልምምድ፣ መመርመር ይገባል። ቃለ ጽሕፈት የቋንቋ ችሎታ መለኪያ ተደርጎ ይወሰዳል። በእውነቱ ግን ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ባንድነት ይለካል፣ ነጥቡን ግን ባንድ ድምር ይሰጣል። ተማሪው «ሥራ»ን «ስራ»፣ «ፀሐይ»ን «ጸሃይ» ብሎ ቢጽፍ ስሕተቱ የፊደል ዕውቀት ነው፤ ሰና ሠ፣ ጸና ፀ በአማርኛ አንድ ድምፅ ስለሆኑ የትኛውም ጆሮ አይለያቸውም። «መጣ»ን «መታ»፣ «ሸማ»ን «ሰማ» ብሎ ቢጽፍ ግን፣ በተለይም ስሕተቱ መምህሩ ወደ ኋላ ረድፍ ሲርቅ የሚበዛ፣ ከመጽሐፍ ሲገለብጥ የሚጠፋ ከሆነ፣ የሚጠረጠረው ጆሮው ነው። ሦስተኛው ጭራሽ አይታይም። ፊደላችን መጥበቅን ስለማያመለክት፣ «ይመታል» የተባለውን አጥብቆ ወይም አላልቶ የሰማ ልጅ እኩል ይጽፋል፣ እኩል «እርማት» ያገኛል፤ መቺና ተመቺ እንደ ተለዋወጡበት ግን ማንም አያውቅም። ስለዚህ ቃለ ጽሕፈት መስማት የሚከብደውን ልጅ ባላጠፋው ይቀጣዋል፣ ያመለጠውንም አይመሰክርለትም። ይህ የመምህራን ድክመት ሳይሆን የመለኪያው ነው።

ድምፅን የማቀነባበር ሥራ ሲመዘን

የመስሚያ መርጃ መሣሪያ ቀድሞ ማይክሮፎን፣ ማጉያና ድምፅ ማውጫ ብቻ ነበረ። ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሙሉ በሙሉ ዲጂታል የሆኑ መሣሪያዎች ገበያ ላይ ከዋሉ ወዲህ ውስጡ ትንሽ ኮምፒዩተር ሆኗል። ድምፁን ወደ ቁጥር ለውጦ በየድግግሞሹ ይከፋፍለዋል፣ ያጎላዋል፣ ያምቀዋል፣ ሁካታ የመሰለውን ይቀንሳል። የእያንዳንዱ ተግባር ዋጋ ግን እኩል አይደለም፤ ሻጭ ሁሉንም በአንድ ወረቀት ላይ ቢዘረዝራቸውም ገዢ ለይቶ ማየት አለበት።

በየድግግሞሹ ለይቶ ማጉላት ያለ ጥርጥር ጠቃሚ ነው። የሰ እና የጸ ኃይል እንዲሰማ ማድረግ የሚቻለው በዚህ ነው፤ ይህን ሳያደርጉ ሁሉንም እኩል ማጉላት አናባቢው ተነባቢውን እንዲጋርደው ማድረግ ነው። መምህሩ ሲጮህ የሚሆነውም ይኸው ነው። በጩኸት ይበልጥ የሚያድጉት አናባቢዎቹ ናቸው፤ ተና ጠ የሚለያዩባቸው ጥቃቅን ምልክቶች በዚያው መጠን አያድጉም።

ድምፅን ማመቅ፣ ማለትም ደካማውን ብዙ ኃይለኛውን ጥቂት ማጉላት፣ የጠበበውን የመስማት ስፋት ለመሙላት የታሰበ ነው። በ1973 እ.ኤ.አ. ኤድጋር ቪልቸር ድምፁን በሁለት ድግግሞሽ ከፍሎ ማመቅ ንግግርን ለመረዳት እንደሚረዳ አሳዩ። ፕሎምፕ በ1988 ይህንኑ በጥብቅ ተቹ። ትችታቸውም ንግግር የሚለየው በድምፁ መውጣትና መውረድ ስለሆነ፣ ብዙ ቦታ ከፋፍሎ በፍጥነት ማመቅ ያንን ወጣ ገባ ያስተካክለዋል፣ ያስተካከለውንም ያህል ያደበዝዘዋል የሚል ነው። ክርክሩ የተካሄደው በሌሎች ቋንቋዎች ላይ ቢሆንም ለአማርኛ የሚኖረውን ፍች መገመት አስቸጋሪ አይደለም። በመጥበቅ ጊዜ አፍ ሲዘጋ ጸጥታ ይሆናል። ፈጣን ማመቂያ በጸጥታው ጊዜ የማጉላት መጠኑን ከፍ ስለሚያደርግ የክፍሉ ሁካታ ወደ ክፍተቱ ገብቶ ይሞላዋል፤ ከጠ ፍንዳታ በኋላ ያለው ጸጥታም እንደዚሁ። ለአንዱ ቋንቋ ትንሽ የሆነ ጉዳት ትርጉምን በቆይታ ለሚለይ ቋንቋ የበለጠ ሊሆን ይችላል። በእርግጥ ይህ ከድምፁ ጠባይ የተሳበ ግምት ስለሆነ በአማርኛ ተናጋሪ ልጆች ላይ መፈተን ይገባዋል። እስኪፈተን ድረስ ግን መሣሪያ አስተካካይ ባለሙያ ዝግ ያለውን ማመቂያ መርጦ ልጁን በ«ሰፊ»ና በ«ዋና» መሰል ጥንዶች ቢፈትነው የሚያጣው ነገር የለም።

የማይሰማውን ከፍተኛ ድግግሞሽ ወደሚሰማው ዝቅ አድርጎ ማምጣት ሌላው ዘዴ ነው። ሰን ጨርሶ ለማይሰማ ልጅ በረከት ሊሆን ይችላል። ከልክ ሲያልፍ ግን ሰ ወደ ሸ አካባቢ ይወርድና «ሰማ» «ሸማ» ይሆንበታል። ሁካታ ቀናሽ የተባለው ተግባር ደግሞ ስሙ ከሥራው ይበልጣል። በአንድ ማይክሮፎን የሚሠራው የተለመደው ዓይነት ድካምን ይቀንሳል፣ ጆሮን ያሳርፋል፣ የሚረዳውን ንግግር መጠን ግን እምብዛም እንደማይጨምር ተደጋግሞ ታይቷል። ከ2013 እ.ኤ.አ. ወዲህ በአሜሪካ የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲው ኤሪክ ሂሊና ደልያንግ ዋንግ ከባልደረቦቻቸው ጋር፣ በምሳሌ ብዛት የሚማር ስሌት ንግግርን ከሁካታ ሲለይ መስማት የሚያዳግታቸው ሰዎች በእርግጥ የበለጠ እንደሚረዱ አሳይተዋል። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ሆኖም እንዲህ ያለው ስሌት የሚያውቀው የተማረውን ነው፤ በቆርቆሮ ላይ የሚወርድ የሰኔ ዝናምንና ሰባ ልጆች ባንድነት የሚያነቡትን «ሀ ሁ» ተምሮ እንደሆነ መጠየቅ የገዢው ፈንታ ነው።

ከፊት የሚመጣውን ድምፅ የሚያስቀድም ማይክሮፎን በጥቂት ዴሲቤል ይረዳል። ጥቂት ዴሲቤል ምን ያህል እንደሆነ ከላይ ተመልክቷል። የሚረዳው ግን ልጁ ወደ ተናጋሪው ፊቱን ሲያዞር ብቻ ስለሆነ፣ በቡድን ውይይት ጊዜ ከኋላው የሚናገሩትን ይነፍገዋል። ከሁሉ የላቀ ውጤት የሚሰጠው በመምህሩ ደረት ላይ ተሰክቶ ድምፁን በሬዲዮ ሞገድ በቀጥታ ወደ ልጁ ጆሮ የሚልከው ማይክሮፎን ነው። ምክንያቱም ብልጠት አይደለም፤ ርቀትን ማስወገዱ ነው። በገላጣ ሜዳ ርቀት በእጥፍ ባደገ ቁጥር ድምፅ በ6 ዴሲቤል ይቀንሳል። በ1 ሜትር 65 ዴሲቤል የሆነ ንግግር በ8 ሜትር 47 ይሆናል። በክፍል ውስጥ ግድግዳው ድምፁን ስለሚመልሰው መቀነሱ ያን ያህል አይደለም፤ የሚመለሰው ድምፅ ግን ዘግይቶ ስለሚደርስ እንደ ገደል ማሚቶ በተከታዩ ቃል ላይ ይደረባል። በመሣሪያዎች ሁሉ ውስጥ ያለው የማቀነባበር ጥበብ ተደምሮ የአንድ ክንድ ርቀትን ያህል እንደማይሠራ የየኔታ ተማሪ ያውቀዋል።

ክፍሉ፣ ዕቅዱና ባትሪው

በአሜሪካ በ2002 እ.ኤ.አ. የወጣው የመማሪያ ክፍሎች የድምፅ ደረጃ ባዶ ክፍል ከ35 ዴሲቤል ያልበለጠ ሁካታ እንዲኖረው ይጠይቃል። ይህን ለእኛ አገር ክፍል እንደ ሕግ ማውጣት ቀልድ ይሆናል። የመማሪያ ክፍል ግድግዳ ጭቃና እንጨት፣ መስኮቱ ያለ መስታወት ሲሆን፣ የጎረቤቱ ክፍል ኅብረ ድምፅ ያለ ከልካይ ይገባል። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በሚያልፈው አውራ ጎዳና ዳር ያለ ትምህርት ቤት የጭነት መኪና ይጨመርበታል፤ ወፍጮ ቤት የጎረበተውም የራሱ አለው። ከቆርቆሮው ሥር ኮርኒስ መሥራት የዝናሙንም የገደል ማሚቶውንም ድምፅ እንደሚቀንስ ግን ማንም ሊዘነጋው አይገባም። ትምህርት ቤት ሲታነጽ ኮርኒስ እንደ ጌጥ ተቆጥሮ ከወጪ ዝርዝር የሚሰረዝበት ልማድ እንደገና ሊመረመር ይገባዋል።

ድምፅን በማጉላት ብቻ ትምህርት ይደርሳል የሚለው እምነት በአገራችን የራሱ ታሪክ አለው። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት ሲተላለፍ የነበረው «ፕላዝማ» የተሰኘ የቴሌቪዥን ትምህርት ፈጣን እንግሊዝኛ በድምፅ ማጉያ ወደ ሰፊ ክፍል ይለቅቅ ነበር። ላልሰማ የሚደግም፣ ለተጠራጠረ የሚያቆም አልነበረውም። ብዙ የተተቸው በቋንቋው ነው፤ በድምፁ በኩል ግን የተጻፈ ጥቂት ነው። ለፍትሕ ሲባል መጠቀስ ያለበት፣ በመስኮቱ ላይ ይታይ የነበረው ጽሑፍና ሥዕል መስማት ለሚያዳግተው ተማሪ ከብዙ መምህር ገለጻ የተሻለ የነበረበት ጊዜ መኖሩ ነው።

መስማት የተሳናቸውን የማስተማር ሥራ ከረን በ1955 እ.ኤ.አ. ከተከፈተው ትምህርት ቤት አንሥቶ፣ በ1960ዎቹ በአዲስ አበባ በመካኒሳና በአልፋ፣ በ1981 በሆሳዕና ቀጥሏል። የምልክት ቋንቋም የአማርኛን ሰባት ድምፆች በእጅ እንቅስቃሴ የሚለይ የጣት ፊደል አግኝቶ፣ በ2008 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የትምህርት መስክ ለመሆን በቅቷል። ይህ የሚያኮራ ነው፤ ንግግር ጨርሶ ለማይደርሰው ልጅ ትክክለኛው መንገድም ይኸው የምልክት ቋንቋ እንጂ ከመሣሪያ ጋር የሚያደርገው ትግል አይደለም። ነገር ግን በ2006 እና በ2012 እ.ኤ.አ. የወጡት የልዩ ፍላጎት ትምህርት ስትራቴጂዎች አካቶ ትምህርትን ካበሠሩ በኋላም በአፈጻጸም በኩል «መስማት የተሳናቸው» የሚለው አንድ ስም ሁለት ዓይነት ልጆችን ይዞ ቀርቷል። በከፊል የሚሰማው ልጅ ለምልክት ቋንቋ ክፍል «ይሰማል» ተብሎ፣ ለመደበኛው ክፍል «አይሰማም» ተብሎ ከሁለቱም ይርቃል። ስም መለየት ገንዘብ አያስወጣም፤ የዕቅድ አውጪ የመጀመሪያ ሥራም ይኸው ሊሆን በተገባው ነበር።

መሣሪያ ማደልን በተመለከተ የሚታየው ግድፈት ከቴክኒክ ይልቅ የሒሳብ አያያዝ ነው። መሣሪያው አንድ ጊዜ ይገባል፣ እንደ ቋሚ ዕቃ ይመዘገባል፣ ፎቶግራፍ ይነሣበታል። ባትሪው ግን ሳምንት ወይም ሁለት ሳምንት ብቻ ይሠራል። የጆሮው ቅርጽ ልጁ ባደገ ቁጥር መለወጥ አለበት፤ ካልተለወጠ ያፏጫል፤ ሲያፏጭ ጓደኞቹ ይስቃሉ፤ ልጁም አውልቆ በኪሱ ይከተዋል። በማለዳ ብርድ ነጠላ ወይም ጋቢ ተከናንቦ የሚመጣ ተማሪም ማይክሮፎኑን በጨርቅ እንደ ሸፈነ የሚነግረው የለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2017 እ.ኤ.አ. ለአነስተኛና ለመካከለኛ ገቢ አገሮች የሚሆን መሣሪያ ምን መምሰል እንዳለበት ያወጣው ማብራሪያ ባትሪን፣ ጥገናንና ክትትልን ከመሣሪያው ነጥሎ አይመለከትም። የወረዳ በጀት ግን ይነጥላቸዋል። በአላቂ ዕቃ ርእስ ሥር ጠመኔ፣ ወረቀትና ሳሙና ሲኖሩ የመስሚያ ባትሪ የማይኖርበት ምክንያት አይታይም።

ለመምህራን ማሠልጠኛ የሚቀረው ነገር ትንሽ ነው፣ ትንሽ በመሆኑም ሳይነገር ያልፋል። ወደ ሰሌዳ ዞሮ የሚናገር መምህር ከንፈሩንም ድምፁንም ይነፍጋል። መስኮትን ከጀርባው አድርጎ የቆመ ፊቱ ጥላ ይሆናል። የሌላውን ተማሪ ጥያቄ ሳይደግም መልሱን የሚሰጥ መምህር፣ ጥያቄውን ላልሰማው ልጅ መልስ ብቻ ያስተርፍለታል። በፍኖተ ሰላም መምህራን ትምህርት ኮሌጅም ሆነ በሌላው ቦታ የሚሠለጥን ዕጩ መምህር በተግባር ልምምዱ ወቅት አንድ ቃለ ጽሕፈት ሁለት ጊዜ ቢያርም ብዙ ይማራል። መጀመሪያ እንደ ተለመደው በድምር፤ ቀጥሎም ስሕተቶቹን የፊደል፣ የጆሮና የትርጉም በማለት ለያይቶ። ለሦስተኛው ረድፍ ማስሞያ የሚሆነው እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ተማሪው በራሱ አባባል እንዲናገር መጠየቅ ነው፤ «ይመታል» የተባለው ልጅ መቺ ነው ወይስ ተመቺ ብሎ። ከአንድ ክፍል ውስጥ በሁለተኛውና በሦስተኛው ረድፍ ስሙ ተደጋግሞ የተገኘ ተማሪ ወደ ጤና ጣቢያ የሚላክበት ወረቀት ከትምህርት ቤቱ ጽሕፈት ቤት ቢዘጋጅ፣ ወረቀቱ ላይ የክፍል ደረጃው ሳይሆን ያሳሳታቸው ቃላት ዝርዝር ቢሰፍር፣ ጆሮውን የሚመረምረው ባለሙያ ከምን እንደሚጀምር ያውቃል።